ኮሊብሪ ላፕቶፑ ላይ ይከፍታል፣ የልጆቹ ስልክ ላይ ግን እምቢ አለ
ሰላም ጎበዞች፣ ጎንደር አዘዞ አካባቢ 9ኛ ክፍል ፊዚክስ ነው የማስተምረው። ትምህርት ቤት ኢንተርኔት ስለሌለ ኮሊብሪን (ያለ ኢንተርኔት ትምህርት የሚከፍት ፕሮግራም ነው) ላፕቶፔ ላይ ጭኜ የፌት (PhET፣ ስክሪን ላይ የሚሠሩ የሳይንስ ሙከራዎች) ቻናሉን ቤት አውርጄ ነው የምመጣው፣ ልጆቹ በሆትስፖት ገብተው ባትሪና አምፖል በስልካቸው እየገጣጠሙ ሲያበሩ ብታዩ ጩኸቱ ሌላ ነው። ግን የዊንዶውስ ሆትስፖት ከ8 ስልክ በላይ አያስገባም፣ በቡድን ብከፍላቸውም አልበቃ ሲል ፒያሳ ሄጄ ያገለገለ ራውተር ገዛሁ። አሁን ሁሉም ዋይፋዩን ይይዛል ግን 192.168.1.5:8080 ብለው ሲገቡ ዝም ብሎ ይዞራል፣ ላፕቶፑ ላይ ያው አድራሻ ወዲያው ይከፍታል። የስልኮቹን ዳታ አስጠፍቻለሁ፣ ራውተሩንም ሪሴት አድርጌዋለሁ (መብራቱማ በየመሃሉ እየሄደ ሪስታርት ያደርግልኛል)። የዊንዶውስ ፋየርዎል ነው የሚዘጋው ወይስ ራውተሩ ራሱ ስልኮቹን ከላፕቶፑ ጋር አላገናኝ ብሎ ነው፣ በምን ልለየው?