የስላሎም ስኬትቦርዴ ጅራት ይወዛወዛል፤ ከየት ልጀምር?

ሰላም ለሁላችሁ። ለጀማሪ የሚሆን የስላሎም ስኬትቦርድ (በተደረደሩ ኮኖች መካከል እየተጠማዘዙ የሚነዱት) እየገጣጠምኩ የኋላው ትራክ (ጎማዎቹን ይዞ ቦርዱን የሚያጥፈው ብረት) ላይ ተቸግሬ ቆሜአለሁ።

ጣውላው 75 ሴንቲ ሜትር ነው። ሁለቱ ትራኮች አንድ ዓይነት ናቸው። ከፊተኛው ሥር የ10 ዲግሪ ሽብልቅ አስገብቼ ወፍራሙን ጫፍ ወደ ጣውላው መሃል ስላዞርኩት በደንብ ይታጠፋል። የኋለኛው ግን ያለ ሽብልቅ ነው የታሰረው። ቡሽንጎቹ (በትራኩ ውስጥ ያሉት ለስላሳ ቀለበቶች) በሙሉ 85ኤ ናቸው፤ ኤ የጥንካሬ መለኪያ ነው፣ ቁጥሩ ሲጨምር ይጠነክራል። ጎማዎቹ 70 ሚሊ ሜትር፣ ጥንካሬያቸው 80ኤ ነው። ኮኖቹን የደረደርኩት በ1.8 ሜትር ርቀት ነው።

ከአራተኛው ኮን በኋላ ፍጥነቱ ሲጨምር ጅራቱ ግራና ቀኝ መወዛወዝ ይጀምራል። የኋላውን ትራክ ቡሽንግ የሚይዘውን ዳዶ ሳጠብቀው ይቀንሳል፤ ነገር ግን ቡሽንጉ ተጨፍልቆ ያብጣል፣ ትራኩም ቶሎ ወደ መሃል አይመለስም። ስለዚህ ማጥበቅን መፍትሔ ብዬ አልቆጥረውም። የኋላው ትራክ ከፊተኛው በጣም ያነሰ መታጠፍ እንዳለበት አውቃለሁ፤ የከበደኝ መጠኑ ነው።

ከኋላ ሽብልቁን ገልብጬ፣ ማለትም ወፍራሙን ጫፍ ወደ ጅራቱ አዙሬ፣ በ10 ዲግሪ ልጀምር ወይስ በ15? ወይስ አስቀድሜ የኋላውን ቡሽንግ ብቻ ወደ 90ኤ ልቀይር? ሁለቱን በአንዴ ብለውጥ የትኛው እንደሠራ መለየት አልችልም።

ሌላም አለ፦ ጠልቄ ስታጠፍ የፊት ጎማ ጣውላውን ይነካል፣ ይህ ደግሞ በድንገት አቁሞ ይጥላል። 6 ሚሊ ሜትር ጠፍጣፋ ማንሻ ልጨምርበት ወይስ ጣውላውን ከጎማው በላይ ልሞርደው? ማንሻው በትራኩና በጣውላው መካከል ከተጨመረ ሁለቱን የሚያስረው ቡሎንም መርዘም አለበት፤ አሁን ያለው ከራሱ ዳዶ ጫፍ እኩል ነው የሚያልቀው።