ደመወዝተኛ ሳሉ ማለቅ ያለባቸው ጉዳዮች

ጤና ይስጥልን። የኩባንያ ሥራዎን ለቀው በግልዎ ለመሥራት አስበው ምክር ለጠየቁት ወንድማችን፣ ስለ ድፍረቱ ሌሎች በሚገባ ስለጻፉ እኔ ስለ ቅደም ተከተሉ ብቻ እጽፋለሁ።

ወላጅ እናትዎን ወደ አሜሪካ ለማምጣት ማመልከቻ እንዳስገቡ በአንድ ዓረፍተ ነገር ጠቅሰው አልፈዋል፤ በእኔ እይታ ግን ዋናው ጉዳይ እሱ ነው። አይ-864 የተባለው የድጋፍ ቅጽ፣ እናትዎን ጨምሮ በሚቆጠረው የቤተሰብ ብዛት ልክ፣ ገቢዎ መንግሥት በየዓመቱ ከሚያወጣው የድህነት መነሻ የገቢ መጠን ቢያንስ 125 በመቶ መድረሱን እንዲያሳዩ ይጠይቃል። ለተቀጣሪ ይህ በታክስ ሰነድ፣ አሠሪ የዓመቱን ደመወዝ በሚያሳይበት ደብልዩ-2 በተባለው ቅጽ እና በአሠሪ ደብዳቤ በቀላሉ ይረጋገጣል። በግሉ የሚሠራ ሰው ግን የሚቆጠርለት ደንበኞቹ የከፈሉት ገንዘብ ሳይሆን ወጪው ተቀንሶ በታክስ ሰነዱ ላይ የሚቀረው ትርፍ ስለሆነ፣ ታክስ እንዲያንስለት የመኪናውንና የቢሮውን ወጪ ሁሉ ሲያስቀንስ የቆየ ሰው ቆንስላው ፊት ድሃ ሆኖ ይቀርባል። ተጨማሪ ስፖንሰር፣ ማለትም በራሱ ገቢ ኃላፊነቱን አብሮ የሚወስድ ሌላ ሰው፣ ማቅረብ ይቻላል፤ ሆኖም ለዓመታት የሚጸና የሕግ ግዴታ እንዲፈርም ዘመድን መለመን ቀላል አይደለም። ቤት ለመግዛት ካሰቡም አበዳሪዎች አብዛኛውን ጊዜ የሁለት ዓመት የግል ሥራ የታክስ ሰነድ ይጠይቃሉ።

የጤና መድኅንን በተመለከተ፣ ባለቤትዎ በሥራቸው በኩል ካላቸው ወደ እሳቸው መዛወሩ ይመረጣል። አለበለዚያ ኮብራ በሚባለው ሕግ የቀድሞውን መድኅን በአብዛኛው እስከ 18 ወር ማቆየት ቢቻልም፣ አሠሪው ይሸፍን የነበረውን ድርሻ ጨምሮ እስከ 102 በመቶ የሚከፍሉት እርስዎ ነዎት። በመንግሥት የመድኅን ገበያ ለመመዝገብ ደግሞ የቀድሞው ሽፋን ከተቋረጠ በኋላ ያለዎት ጊዜ 60 ቀን ነው።

ታክሱም ይለወጣል። እስከ ዛሬ አሠሪው ግማሹን ይከፍል የነበረው የሶሻል ሴኩሪቲና የሜዲኬር (የጡረታና የአረጋውያን ሕክምና) መዋጮ በሙሉ፣ ማለትም 15.3 በመቶ፣ ከገቢ ግብሩ በተጨማሪ በእርስዎ ላይ ይወድቃል፤ በዓመት አራት ጊዜ፣ በሚያዝያ፣ በሰኔ፣ በመስከረምና በጥር አጋማሽ በፈረንጆቹ አቆጣጠር በቅድሚያ ይከፈላል።

ስለዚህ የእናትዎ ቪዛ እስኪወጣ ድረስ ሥራዎን ባይለቁ እመክራለሁ። እስከዚያው በማታና በቅዳሜ ደንበኛ ማፍራት ይችላሉ፤ አስቀድመው ግን ከአሠሪዎ ጋር የፈረሙት ውል የጎን ሥራ የሚከለክል መሆን አለመሆኑን ያንብቡ።