ሉፐስ ያለባት እህቴ ነፍሰ ጡር ናት፤ እባካችሁ ምከሩን

የምንኖረው ደሴ አጠገብ ባለችው ሐይቅ ከተማ ነው። ታናሽ እህቴ ሉፐስ (የሰውነት መከላከያ የራሱን አካል የሚያጠቃበት በሽታ) አለባት፤ አሁን የ4 ወር ነፍሰ ጡር ናት። ለሉፐሱ ሃይድሮክሲክሎሮኪን የሚባል መድኃኒት ትወስዳለች። ጎረቤታችን «ፅንሱን ይጎዳል፣ ተይው» እያለ አስፈራራት። ሐኪሟ ግን እንዳታቋርጥ ነግሯታል፤ እኔም የማምነው እሱን ነው። ለፅንስ የሚያሰጋው እንደ ሜቶትሬክሴት ያለው መድኃኒት ነው። እሷ የምትወስደው ሲቋረጥ በሽታዋ ሊነሳባት ይችላል።

የጨነቀን ሌላ ነው። ደሟ ላይ ፀረ-ሮ የሚባል አንቲቦዲ (የሰውነት መከላከያ የሚሠራው ፕሮቲን) ተገኝቷል። አልፎ አልፎ የፅንሱን የልብ ምት ስለሚያዘገይ፣ ልቡ በአልትራሳውንድ በየጊዜው ይታይ ተብለናል። ይህን የሚያይ ባለሙያ ደሴ ወይም ኮምቦልቻ ይገኛል? ወይስ አዲስ አበባ መሄድ ግድ ነው? መገጣጠሚያዋ እያበጠ ረጅም መንገድ ይከብዳታል። አላህን ብላችሁ፣ በዚህ ያለፋችሁ እናቶች ንገሩን።