በርቀት እየሠራ ሌላ አገር የሚኖር ሰው እንደ ጎረቤቱ ግብር ይክፈል?

አወያይ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ባለፈው ስለ ሪሞት ሥራ ስናወራ አንድ ጥያቄ ተንጠልጥሎ ቀርቷል፤ ዛሬ እሱን እንከራከርበት። ዓመቶቹን በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

2020 ላይ ኢስቶኒያና ባርቤዶስ በርቀት ለሚሠራ ሰው ብቻ የሚሆን የረጅም ጊዜ ፈቃድ አወጡ። ከዚያ ክሮኤሺያ፣ ግሪክ፣ ፖርቱጋል፣ ስፔን፣ ጃፓን፣ ጣሊያን፣ ታይላንድ ተከተሉ። ነገሩ ይሄ ነው፦ አሠሪህ ሌላ አገር ነው፣ ደመወዝህ ከዚያ ይመጣል፣ ኑሮህ ግን እዚህ ነው። ታዲያ ይህ ሰው ላረፈበት አገር እንደ ጎረቤቱ የገቢ ግብር ይክፈል ወይስ ነጻ ይሁን? እኔ ይክፈል ባይ ነኝ። ከአንድ ሰው ጋር አንድ ደረጃ እየወጣህ፣ አንድ መንገድ እየተጠቀምክ፣ እሱ ከፍሎ አንተ ነጻ ከሆንክ ጎረቤቱ አይደለህም፤ እንግዳው ነህ። እንግድነት ደግሞ ዓመት ሙሉ አይዘልቅም።

ፕሮግራመሩ፦
እኔ አይክፈል ባይ ነኝ። ስሙኝማ። ትምህርት ቤታቸውን አልተጠቀምኩም። ጡረታቸውን አልጠብቅም። የጤና መድኑን ራሴ ገዝቼ ነው የገባሁት፣ አለዚያ ቪዛውንም አይሰጡኝ። የማገኘውን ገንዘብ ግን አብዛኛውን እዚያው ነው የማወጣው፤ በምገዛው ነገር ሁሉ ላይ ቫት እከፍላለሁ። አንድም ሰው ከሥራው አላፈናቀልኩም፤ ደመወዜ ከውጭ ነው የሚገባው። ክሮኤሺያ ይሄን ሁሉ አይታ ነው ከርቀት ሥራ የሚገኘውን ገቢ ከገቢ ግብር ነጻ ያደረገችው። ባርቤዶስም እንደዚያው ናት፤ በዓመት 50,000 ዶላር እንደምታገኝ ታሳያለህ፣ 12 ወር ትኖራለህ፣ የገቢ ግብር የለብህም። ማንም አላስገደዳቸውም። አስበውበት፣ አስልተው ያወጡት ሕግ ነው፤ እኔ በተከፈተልኝ በር ገባሁ እንጂ አጥር አልዘለልኩም።

ነርሷ፦
እኔ ባርሴሎና ነው የምኖረው፣ 11 ዓመቴ ነው። እዚያው ሆስፒታል ነው የምሠራው፣ ግብሩም ደመወዜ እጄ ሳይገባ ይቆረጣል። በዚህ አላማርርም። ግን ወንድሜ፣ «አንድም ሰው አላፈናቀልኩም» ስትል አንድ ነገር ልንገርህ።

ከኛ በላይ ያለው ወለል ላይ አንዲት አሮጊት ነበሩ። ውላቸው አለቀ፣ አይታደስም ተባሉ። ዕቃቸውን ሲያወርዱ ገብቼ አገዝኳቸው። የልብስ ስፌት መኪና ነበረቻቸው፣ ድሮ የተሠራች፣ ሙሉ ብረት። አሳንሰር የለንም። ከልጃቸው ጋር ሆነን በየወለሉ እያሳረፍን ነው ያወረድናት፣ እሳቸው ከኋላ ካርቶን ታቅፈው «ቀስ፣ ቀስ» እያሉ። ከዚያ ቤቱ ተቀባ፣ በሩ ላይ በቁጥር የሚከፈት ቁልፍ ተገጠመ። ከዚያ ወዲህ በየጥቂት ወሩ አዲስ ፊት ነው። ጥሩ ሰዎች ናቸው፣ ሰላም ይላሉ፣ ላፕቶፓቸውን ይዘው ይገባሉ ይወጣሉ። ስማቸውን ሳላውቅ ይሄዳሉ።

ፕሮግራመሩ፦
እህቴ፣ እውነት ያሳዝናል። ግን ያ የቱሪዝም ጣጣ እንጂ የኛ አይደለም። ራሷ ባርሴሎና እኮ 2024 ላይ ለቱሪስት የሚከራዩትን 10,101 አፓርታማዎች ፈቃድ ከኅዳር 2028 በኋላ አላድስም ብላለች። ችግሩ የት እንዳለ ከንቲባው ራሳቸው ጠቁመዋል።

ነርሷ፦
እሱ ሌላ ነው። እኔ የነገርኩህ ቤት የቱሪስት ፈቃድ የለውም። መጋቢት 2024 ላይ ባርሴሎና ባለችበት በካታሎኒያ ክልል፣ ኪራይ በተወደደባቸው ከተሞች ለኪራይ ዋጋ ጣሪያ ወጣ። ጣሪያው የወጣው ለመደበኛ የመኖሪያ ውል ነው። ስለዚህ ብዙ አከራዮች ወደ ጊዜያዊ ውል ዞሩ፤ ከአንድ ዓመት በታች፣ ብዙ ጊዜ 11 ወር። አሁን አንተው ንገረኝ፣ የ11 ወር ውል የሚፈልገው ማን ነው? ልጆቿን እዚህ የምታስተምር እናት ናት? ወይስ የአንድ ዓመት ቪዛ ይዞ የመጣ ሰው? ተማሪም አለበት፣ አውቃለሁ፣ ሁሉንም ባንተ ላይ አልጭንም። ግን አከራዩ ያንን በር የከፈተው የሚገባበት ስላገኘ ነው።

የሒሳብ ባለሙያው፦
ልጆቼ፣ ሁለታችሁም ግማሽ ግማሹን ይዛችኋል። እኔ የሰው የግብር ወረቀት ስሠራ ነው የኖርኩት፤ ትንሽ ላስተካክል።

አንደኛ፣ ቪዛና ግብር ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ቪዛ መኖር ትችላለህ ይላል። ግብር የት እንደምትከፍል የሚወስነው ሌላ ሕግ ነው። አብዛኛው አገር ላይ በዓመት ከ183 ቀን በላይ ከቆየህ የግብር ነዋሪ ትሆናለህ። ታይላንድ 180 ቀን ነው። ደመወዝ ደግሞ በመርህ ደረጃ የሚታየው ሥራው በተሠራበት ቦታ ነው፣ ገንዘቡ በመጣበት አይደለም። ሰዎች «ደመወዜ ከውጭ ነው የሚገባው» ሲሉ የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። አንተ ወንበር ላይ ቁጭ ብለህ ኮዱን የጻፍክበት አገር ነው ሥራው የተሠራበት አገር። ነጻ የምትሆነው ያ አገር ወይም በሁለቱ አገሮች መካከል ያለው ስምምነት ነጻ ሲያደርግህ ብቻ ነው።

ሁለተኛ፣ ነርሷ ልጄ፣ አንቺም ልብ በዪ። ስፔን በዚያ ቪዛ የመጣውን ሁሉ ነጻ አላደረገችም። ቪዛውን በፈጠረው በ2022ቱ ሕግ የመጡ ተቀጣሪዎች ልዩ የግብር ምጣኔ መጠየቅ ይችላሉ፤ እስከ 600,000 ዩሮ ድረስ 24 በመቶ፣ ለተወሰኑ ዓመታት። ባንቺ ደመወዝ ልክ የሚያገኝ ሰው ግን በዚህ ምጣኔ ቢከፍል ካንቺ የበለጠ ሊቆረጥበት ይችላል፣ ምክንያቱም ያንቺው ከዝቅተኛው እየጀመረ ነው የሚያድገው። የሚጠቀመው በጣም ብዙ የሚያገኘው ነው። የሚያናድደኝም እሱ ነው። ቅናሹ የተሰጠው ለሚቸግረው ሳይሆን ለተረፈው ነው።

ነርሷ፦
ጋሼ፣ ይሄን አላውቅም ነበር። እኔ ሁሉም ነጻ የሆኑ ነበር የሚመስለኝ። እናመሰግናለን።

ተርጓሚዋ፦
እኔ ከሊዝበን ነኝ፣ በዚሁ ቪዛ ነው የገባሁት። ፖርቱጋል ጥቅምት 2022 ላይ ነው የጀመረችው፣ የአገሩን ዝቅተኛ ደመወዝ 4 እጥፍ ማግኘትሽን ታሳያለሽ። ፍሪላንሰር ነኝ፣ ተቀጣሪ ሳልሆን በግሌ ነው የምሠራው። እኔ ስመጣ አዲስ ለሚገቡ የነበረው የድሮው የግብር ቅናሽ ተዘግቷል፣ ስለዚህ እንደማንም ሰው ነው የምከፍለው። የመጀመሪያዎቹን 12 ወራት ከማኅበራዊ ዋስትና ክፍያ ነጻ ነበርኩ፤ ይሄ ደግሞ ፍሪላንስ ለሚጀምር ለአገሬው ሰውም ያለ ነው። ከዚያ መክፈል ጀመርኩ።

እና ምን ልላችሁ፣ የተለወጠብኝ ነገር አለ። ስመጣ ሰፈሩ ውስጥ ሰው «እስከ መቼ ነሽ?» ብሎ ይጠይቀኝ ነበር። ሌላ ጥያቄ የለም። ባለፈው ክረምት ሕንፃችን ውስጥ ቧንቧ ፈንድቶ የነዋሪዎች ስብሰባ ተጠራ፣ እኔ ተከራይ ነኝ፣ ግዴታ የለብኝም፣ ግን ገባሁ። የወለሉን ውኃ ስንጠርግ አንድ ሽማግሌ ስለ ማኅበራዊ ዋስትና ክፍያ እያማረሩ ነበር፤ እኔም ስንት እንደሚቆረጥብኝ ነገርኳቸው። መጥረጊያውን አቁመው ዞር ብለው አዩኝ። «አንቺም ትከፍያለሽ?» አሉኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ እስከ መቼ ነሽ ብለውኝ አያውቁም።

ፕሮግራመሩ፦
ደስ ይላል። ግን ይሄ ስሜት ነው፣ ክርክር አይደለም። እኔ አምስት ዓመት መኖር ካልፈለግኩስ? አሥር ወር ኖሬ መሄድ ብፈልግስ? የማልጠብቀውን ጡረታ ለምን እከፍላለሁ?

ተርጓሚዋ፦
ስሜት ብቻ አይደለም። ባለሁበት አገር ሐኪም ቤት ስሄድ እንደ ነዋሪ ነው የምታየው። አምስት ዓመት በሕግ ከኖርኩ የአውሮፓ ኅብረት የረጅም ጊዜ ነዋሪነት መጠየቅ እችላለሁ። አንተ የጠቀስካት ክሮኤሺያ ግብር አታስከፍልም፣ ግን በዚያ ፈቃድ የኖርክበት ጊዜ ለቋሚ ነዋሪነት አይቆጠርልህም። ጃፓንን እይ፤ 2024 ላይ ነው የጀመረችው፣ በዓመት 10 ሚሊዮን የን ታሳያለህ፣ 6 ወር ትሰጥሃለች፣ አይታደስም፣ የነዋሪነት ካርድም የለም። አገሩ ስጠኝ ካላለህ አይሰጥህም፤ ነገሩ እንደዚያ ነው።

አወያይ፦
እዚህ ላይ እኔም ላስገባ። አንድ ሌላ ወገን ረስተናል፤ ምንም ቪዛ ሳይጠይቅ በቱሪስትነት ገብቶ የሚሠራው። ሜክሲኮ ሲቲን ተመልከቱ። ጥቅምት 2022 ላይ የከተማዋ አስተዳደር ቤት በአጭር ጊዜ ከሚያከራየው ድረ ገጽ ከኤርቢኤንቢና ከዩኔስኮ ጋር ስምምነት ፈርሞ የርቀት ሠራተኞች ኑ ብሎ ጠራ። ሐምሌ 2025 ላይ ኮንዴሳና ሮማ በሚባሉት ሰፈሮች ሰው ኪራይ አማረረን ብሎ ሰልፍ ወጣ፣ የሱቅ መስተዋት ሁሉ ተሰበረ። አሜሪካዊ ያለ ቪዛ እስከ 180 ቀን እዚያ መቆየት ይችላል። ገቢው እዚያ አልተመዘገበም፣ ማን እንደሆነ፣ ስንት እንደሆኑ በወጉ የሚያውቅ የለም። መስተዋት መስበሩን አልደግፍም። ግን መንግሥት ሰው ጠርቶ ምንም ካላስከፈለና ቤት ካልሠራበት፣ ሒሳቡን የሚከፍለው ተከራዩ ነው።

ፕሮግራመሩ፦
እሱን እስማማለሁ። በቱሪስት ቪዛ ተደብቆ የሚሠራውንና ወረቀቱን አሟልቶ፣ የወንጀል መዝገቡን አስመርምሮ፣ ውሉን አስተርጉሞ፣ ወር ሙሉ ቀጠሮ ጠብቆ የሚገባውን አንድ ላይ አትደባልቁ። ሁለተኛው ራሱን አሳይቷል።

ደግሞ ልጨምር። ሙሉ ግብር ከጣላችሁበት ብዙው ሰው ወደ መጀመሪያው ነው የሚሸሸው። ዘጠና ቀን እዚህ፣ ዘጠና ቀን እዚያ እያለ ይዞራል፤ የማንም ነዋሪ ሳይሆን ይኖራል። እኔ ነጻ ይሁን የምለው ለዚህም ነው፤ ሰው በግልጽ እንዲመዘገብ ምክንያት ያስፈልገዋል።

የሒሳብ ባለሙያው፦
ይሄኛው ክርክርህ ጠንካራ ነው፣ ከመጀመሪያው ይሻላል። እኔ ነገሩን እንዲህ ለሁለት ብከፋፍለው እወዳለሁ፦ ስድስት ወር፣ ቢበዛ አንድ ዓመት፣ የማይታደስ ከሆነ ነጻ ይሁን። የሚታደስና ወደ ነዋሪነት የሚያመራ ከሆነ ግን ከመጀመሪያው ቀን እንደ ጎረቤቱ ይክፈል፣ ቅናሽ የሚባል ነገር ሳይኖር። ሁለቱን በአንድ ላይ መስጠት ነው ሰውን ያጣላው፤ እንደ ነዋሪ መብት፣ እንደ እንግዳ ግብር።

ፕሮግራመሩ፦
በዚህ ልስማማ እችላለሁ። የአንድ ዓመቱን ብቻ አትንኩብኝ።

ነርሷ፦
እኔ አልስማማም፣ ይቅርታ ጋሼ። አንድ ዓመትም ቢሆን ቤቱ ያው ቤት ነው። ሰውየው በየዓመቱ ቢቀያየርም ቤቱን ሁልጊዜ የያዘው ሪሞት ሠራተኛ ነው። ነጻ የሚሆን ከሆነ ቢያንስ ከኪራዩ ላይ ለቤት ግንባታ የሚውል ነገር ይቆረጥ፤ ከተከራዩ ብቻ ሳይሆን ከአከራዩም።

የሒሳብ ባለሙያው፦
ትክክል ነሽ። አከራዩን ረስቼዋለሁ። ይጨመር።

አዲስ ገቢ፦
ሰላም፣ ዝም ብዬ ሳነብ ነበር። እኔ የሙሉ ጊዜ ተቀጣሪ ነኝ፣ ሥራዬ ሪሞት ነው። ወደ ስፔን ለመሄድ እያሰብኩ ነው። ለመሥሪያ ቤቴ ግን ገና አልነገርኳቸውም። ቪዛውን ካገኘሁ በኋላ ብነግራቸው አይሻልም? መጀመሪያ ብነግራቸው እምቢ ይላሉ ብዬ ፈራሁ።

የሒሳብ ባለሙያው፦
ልጄ፣ እንዳታደርገው። በመጀመሪያ ነገር ያለ እነሱ አታገኘውም፤ አሠሪህ ከስፔን ሆነህ መሥራት እንደምትችል በደብዳቤ ማረጋገጥ አለበት። ማኅበራዊ ዋስትናም አለ። የምትሠራበት አገር ከስፔን ጋር ስምምነት ካለው እዚያው እንደምትከፍል የሚያሳይ ምስክር ወረቀት ይዘህ ትመጣለህ፤ እሱን የሚጠይቅልህ አሠሪህ ነው። ስምምነት ከሌለ ወይ ድርጅቱ ስፔን ውስጥ መመዝገብ አለበት፣ ወይ ውልህ ወደ ፍሪላንስ መቀየር አለበት። ሌላም አለ። አንተ እዚያ ቁጭ ብለህ ለድርጅቱ ውል የምትዋዋል ከሆነ የስፔን ግብር ሰብሳቢ «ድርጅቱ እዚህ ቅርንጫፍ አለው» ሊል ይችላል። በዚህ ምክንያት ነው ብዙ መሥሪያ ቤቶች የሚፈሩት፣ አንተን ጠልተው አይደለም። ስለዚህ ዝም ብለህ «ልሂድ?» አትበላቸው። የምሠራው ይሄን ብቻ ነው፣ ውል አልፈርምም፣ ደንበኛ አላመጣም ብለህ ጽፈህ ስጣቸው።

አዲስ ገቢ፦
ገባኝ ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ዛሬ ማታ ቁጭ ብዬ እጽፈዋለሁ።

ፕሮግራመሩ፦
ነርሷ እህቴ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። አሮጊቷ የት ገቡ?

ነርሷ፦
ከከተማ ውጭ፣ ልጃቸው ጋ። አንድ ክፍል ነው የሰጧቸው፣ የስፌት መኪናዋ አልገባ አለች። አሁን እኔ ቤት ሳሎን ውስጥ መስኮቱ ሥር ናት። በወር አንዴ ይመጡና ዘይት ይቀቡላታል።