ቀትር ላይ ሶላር ይገደብ ወይስ መስመሩ ይስተካከል?

የመከራከሪያ ነጥብ፦ የጣሪያ ሶላር በበዛበት ሰፈር፣ የኤሌክትሪክ አከፋፋዩ ድርጅት ቤቶች ወደ መስመር የሚልኩትን ኃይል ከርቀት የመገደብ መብት ይኑረው?

የመስመር ሰው፦ ይኑረው። ሒሳቡን እዩት። ከትራንስፎርመሩ 300 ሜትር ርቆ ያለ ቤት፣ 50 ስኩዌር ሚሊሜትር አሉሚኒየም፣ በአንድ ፌዝ (ከሦስቱ የኃይል ሽቦዎች በአንዱ) 5 ኪሎዋት ሲልክ፤ 22 አምፒር ገደማ ነው። የሽቦው ሬዚስታንስ በኪሎሜትር 0.64 ኦም ስለሆነ ደርሶ መልሱ 0.38 ኦም ይመጣል። ቤቱ ጋ ቮልቴጁ 8 ቮልት ጨመረ ማለት ነው። ትራንስፎርመሩ 240 እየሰጠ ጎረቤቱም ያንኑ ከላከ የሚፈቀደው ከፍተኛ 253 ቮልት ታለፈ፤ ኢንቨርተሮቹ (የሶላሩን ኃይል ለመስመሩ የሚቀይሩት መሣሪያዎች) ይጠፋሉ።

ሶላር ገጣሚ፦ አንድ ፌዝ ስለያዝክ እኮ ነው! ያንኑ 5 ኪሎዋት በሦስቱ ፌዝ እኩል ብታካፍለው በኒውትራል (በመመለሻው ሽቦ) የሚመለስ ከረንት የለም፤ ጭማሪው 1.4 ቮልት ብቻ ነው። ሰፈሩን በሙሉ አንድ ፌዝ ላይ አንጠልጥሎ "ሶላር በዛ" ማለት ምን ይሉታል? ደግሞስ ለምን 240? ታፑን (የትራንስፎርመሩን ቮልቴጅ ማስተካከያ) አንድ ደረጃ፣ 2.5 በመቶ አውርደው፤ 6 ቮልት ታተርፋለህ።

የመስመር ሰው፦ የፌዙ ነገር ልክ ነህ፤ መጀመሪያ መሠራት ያለበት እሱ ነው። ታፑ ግን ኃይል ተቋርጦ በእጅ የሚዞር ነው። ለቀትር ብለህ ያወረድከው፣ ማታ ምድጃው ሁሉ ሲበራ መጨረሻ ያለውን ቤት ከሚፈቀደው ዝቅተኛ 207 ቮልት በታች ይጥለዋል።

ሶላር ገጣሚ፦ ባትሪ ይግባ።

የመስመር ሰው፦ ጠዋት መሙላት የጀመረ 10 ኪሎዋት-ሰዓት ባትሪ ቀትር ሳይደርስ ጢም ይላል፤ ከዚያ በኋላ ያው ነው። መሙላቱን ወደ ቀትር ካላዘገየኸው ዋጋ የለውም።

ሪሌይ (ሦስተኛው ተከራካሪ)፦ ሁለታችሁም የዘለላችሁት አለ። ኢንቨርተር የራሱን ቮልቴጅ እያየ ሲቀንስ ሁልጊዜ የሚጎዳው መስመሩ መጨረሻ ያለው ቤት ነው፤ ትራንስፎርመሩ ሥር ያለው አይነካም። ቮልቴጁን ለማውረድ ሪአክቲቭ ኃይል (ሥራ ሳይሠራ በመስመሩ የሚመላለሰውን) መሳብም በቀጭን ሽቦ ላይ ብዙ አይፈይድም፤ ሬዚስታንሱ ከሪአክታንሱ (ሽቦው የከረንቱን መለዋወጥ ከሚቃወምበት መጠን) ይበልጣልና፣ ትርፉ ሽቦ ማሞቅ ነው። ከርቀት የሚመጣ ገደብ ግን ለሁሉም እኩል ሊካፈል ይችላል። ደቡብ አውስትራሊያ ላይ ገደቡ እንደ መስመሩ ሁኔታ ከ1.5 እስከ 10 ኪሎዋት ይለዋወጣል፤ ግንኙነት ሲቋረጥ ኢንቨርተሩ ራሱ ወደ 1.5 ይወርዳል።

ሶላር ገጣሚ፦ እንዲህ ከሆነ እስማማለሁ፣ ግን ፌዙ ተመጣጥኖ፣ የተቆረጠውም በቆጣሪ ተመዝግቦ ይካስ።

ሪሌይ፦ ያልመነጨን ኃይል የትኛው ቆጣሪ ይቆጥረዋል? በፀሐይ ጨረር መለኪያ ልትገምት ትችላለህ፤ ግምቱን ማን ይሥራው የሚለው ደግሞ ሌላ ጭቅጭቅ ነው።