ከቁም ሳጥን ጀርባ ያለው ሻጋታ አልለቅ አለኝ፣ ምን ይሻላል?

ጥያቄ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ጅማ ነው የምንኖረው፣ በኪራይ፣ የብሎኬት ቤት ነው። ክረምቱ ከገባ ወዲህ የመኝታ ቤቱ አንድ ግድግዳ ጠቁሯል። ቁም ሳጥኑን ሳብ ሳደርገው ጀርባው ሁሉ ሻግቷል፣ የባለቤቴ የቆዳ ጫማ ሳይቀር አረንጓዴ ለብሷል። በረኪና ሳደርግበት ይጠፋና ተመልሶ ይመጣል። አከራያችን "ቀለም ቀቡበት" ይላሉ። ጎረቤቴ ደግሞ ከሰል አቀጣጥለሽ በሩን ዝጊና ይድረቅ አለችኝ። ትንሿ ልጄ አስም ስላለባት ሌሊት ሌሊት ያስላታል፣ በጣም ጨንቆኛል።

መልስ፦ እህቴ፣ ከሰሉን በፍጹም እንዳታስቢው! ከሰል ሲነድ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል መርዛማ ጋዝ ሽታም ቀለምም የለውም፣ በተዘጋ ቤት ውስጥ ሰው ተኝቶ ሳይነሳ ይቀራል። በረኪናውንም ከአቼቶ ወይ ከሽንት ቤት አሲድ ጋር አትቀላቅይው፣ መርዛማ ጋዝ ይወጣዋል። አሞኒያ ካለበት የመስታወት ማጽጃ ጋርም እንደዚያው። ልጅቷን ሐኪም ያያት፣ ግድግዳው እስኪደርቅም ሌላ ክፍል ትተኛ።

መልስ፦ እኔ ግንበኛ ነኝ። ሻጋታ ውሃ ካላገኘ አይኖርም፣ ስለዚህ መጀመሪያ ውሃው ከየት እንደሚመጣ እወቁ። ከኮርኒሱ ወደ ታች ከወረደ ቆርቆሮው ወይ አሸንዳው ያፈሳል። ከወለሉ ወደ ላይ ከወጣ ግድግዳው ከመሬት እየሳበ ነው። ጥግና ዕቃ ጀርባ ብቻ ከሆነ ደግሞ ብዙ ጊዜ የቤቱ እንፋሎት ነው፣ ቀዝቃዛ ግድግዳ ሲያገኝ ውሃ ይሆናል። ለመለየት ቀላል ዘዴ አለ። ንጹህ ፌስታል ቀደሽ ግድግዳው ላይ ዙሪያውን በፕላስተር አጥብቀሽ ለጥፊውና ሁለት ቀን ተይው። ከፌስታሉ ጀርባ፣ በግድግዳው በኩል ከረጠበ ውሃው ከግድግዳው ነው፤ ፊቱ ላይ ከሆነ ከክፍሉ አየር ነው። ቀለሙን ለጊዜው እርሱት። እርጥብ ግድግዳ ላይ የተቀባ ቀለም ይላጣል፣ ሻጋታውም ከስሩ ማደጉን አያቆምም።

መልስ፦ ስለ ማጽዳቱ እኔ ልጨምር። ልጅቷ ቤት ውስጥ አትሁን። መስኮት ክፈቺ፣ ጓንትና ማስክ አድርጊ፣ ኤን 95 የሚባለውን ብናኝ የሚያጣራ ማስክ ካገኘሽ ጥሩ ነው። በደረቁ አትፈግፍጊው፣ ብናኙ ቤቱን ሁሉ ያዳርሳል። መጀመሪያ በሳሙና ውሃ አርጥበሽ እሺው፣ ከዚያ በጨርቅ አድርቂው። በረኪና ከተጠቀምሽ ለ4 ሊትር ውሃ ከሩብ ሊትር አይበልጥ። የሻገተ ስፖንጅ ፍራሽና ካርቶን ግን አይጸዳም፣ ይጣል። ቁም ሳጥኑን ከግድግዳው አንድ ስንዝር አርቂው፣ እርጥብ ልብስም መኝታ ቤት አታስጪ። መስኮት የሚከፈተው ፀሐይ ወጣ ሲል ነው እንጂ ጉም በያዘው ጠዋት አይደለም። ጉሙ ራሱ እርጥበት ይዞ ይገባል። የሻገተው ቦታ ከ1 ካሬ ሜትር ከበለጠ ወይ ራስሽም የመተንፈስ ችግር ካለብሽ ሌላ ሰው ያጽዳው።

ጠያቂዋ፦ እግዚአብሔር ይስጥልኝ! ፌስታሉን አየሁት፣ በግድግዳው በኩል ውሃ አቁሯል። ውጪ ዞሬ ሳይ ከመሠረቱ በላይ አፈር ተከምሯል፣ የቆርቆሮው ውሃም እዚያው ነው የሚወርደው። አከራያችንን አምጥቼ አሳየኋቸው፣ "አስነሳዋለሁ" ብለዋል።

ግንበኛው፦ በቃ ችግሩ እሱ ነው። አፈሩ ከወለሉ ዝቅ እስኪል ይነሳ፣ ውሃውን ከቤቱ የሚያርቅ ቦይ ይቆፈር፣ አሸንዳም ይግባለት። ውጪው ካልተለሰነ ዝናቡን ብሎኬቱ ስለሚመጠው እሱንም አብረሽ ንገሪያቸው። ግድግዳው ቶሎ አይደርቅም፣ ቀለሙ በጋ ላይ ይደርሳል።