የሳይክሌ የኋላ ማርሽ መያዣ ተሰበረች፣ ሐሙስ በረራ አለኝ። በአንድ ማርሽ 180 ኪሎ ሜትር ይቻላል?

የሽምብጡ ልጅ፦
ሰዎች ድረሱልኝ። ዛሬ ጠዋት ቤዛዊት ዳገት ላይ ወደ ቀላሉ ማርሽ ስቀይር ቀጭ አለና የኋላው ማርሽ ቀያሪ ጎማው ሽቦ ውስጥ ገባ። ፍሬሙ ደህና ነው፣ ሽቦም 2 ብቻ ነው የተጣመመው። የተሰበረችው ቀያሪውን ከፍሬሙ ጋር የምትይዘው፣ አውራ ጣት የምታክለው አሉሚኒየም ናት። ባሕር ዳርን ዞሬ ጨረስኩት፣ የለችም። እሑድ ባጃጅ ላይ ጭኜው በቀኝ ጎኑ ወድቆ ነበር፣ ምንም አልሆነም ብዬ ዝም አልኩ። ውድድሩ ኔዘርላንድ አልሜረ ነው፣ ረጅሙ ትራያትሎን፣ 3.8 ዋና፣ 180 ሳይክል፣ 42.2 ሩጫ። እንቁጣጣሽን እዚያ ነኝ። መንገዱ እንደ ጠረጴዛ ዝርግ ነው ይላሉ። ታዲያ ካቴናውን አሳጥሬ በአንድ ማርሽ ብጨርሰውስ? ዳገት ከሌለ ማርሽ ምን ይሠራልኛል?

ቀበሌ 14፦
ሜዳ ላይ ልትወዳደር ቤዛዊት ምን ወሰደህ ሃሃሃ

አባይ ማዶ፦
ኦንላይን እዘዝ።

የሽምብጡ ልጅ፦
ሐሙስ ነው የምበረው እያልኩህ!

የድሮ ጋላቢ፦
ልጄ፣ ሰውን የሚያስበላው ይሄ «ዝርግ ነው» የሚሉት ነገር ነው። ዳገት ያሠቃይሃል፣ ቁልቁለቱ ግን ያሳርፍሃል። እግርህን ታቆማለህ፣ ትጠጣለህ፣ ወገብህን ታቃናለህ። ሜዳ ላይ ማን ያሳርፍሃል? 6 ሰዓት ሙሉ ያንኑ ጡንቻ፣ ያንኑ አቀማመጥ። አንገት ይደርቃል፣ መቀመጫ ይደነዝዛል፣ ከሳይክል ስትወርድ ወገብህ ለሩጫ አልታዘዝ ይላል። በየ15 ደቂቃው ከኮርቻው ተነሥተህ ትንሽ ርገጥ። ደግሞ ሜዳ ላይ ፍጥነቱ ያታልልሃል፣ ደህና ነኝ እያልክ መብላት ትረሳለህ። በሰዓት ከ60 እስከ 90 ግራም ካርቦሃይድሬት ያስፈልግሃል። አንድ ሙዝ 25 ግራም ቢሰጥህ ነው፣ ቁጠረው። ወረታ አካባቢ የፎገራን ሜዳ ነፋስ ፊት ለፊት እየመታህ ነድተህ ታውቃለህ? ያ ዳገት ነው፣ ጫፍ የሌለው ዳገት።

የሽምብጡ ልጅ፦
ጋሼ አመሰግናለሁ፣ እውነትዎን ነው። ግን አሁን የተሰበረው ማርሹ እንጂ ወገቤ አይደለም።

ሎሚ፦
እኔ የማይገባኝ፣ የተሰበረ ሳይክል ጭነህ ለምን ትሄዳለህ? እዚያ ተከራይ። ሳይክል የሞላበት አገር አይደል እንዴ።

ከወዲያ ማዶ፦
እኔ እዚያው አቅራቢያ ነው የምኖረው። ሎሚ ያለችው ያስኬዳል፣ ግን ለ6 ሰዓት የማታውቀው ሳይክል ላይ መጎንበስ ቀልድ አይደለም። ከተከራየህ የራስህን ኮርቻና ፔዳል ይዘህ ና፣ የኮርቻህንም ከፍታ ፔዳሎቹ ከሚዞሩበት መሐል ለክተህ ጻፈው።
አንድ ማርሹን ግን እርሳው። አልሜረ ከባሕር ወለል በታች ያለ፣ ከውኃ የተነጠቀ መሬት ነው። ውኃውን በሚገድበው አፈር አናት ላይ ስትነዳ የሚከልልህ ነገር የለም። ነፋሱ ከኋላ ሲመጣ እግርህ እንደ ወፍጮ በባዶ ይሽከረከራል፣ ስትዞር ያው ነፋስ ደረትህ ላይ ነው። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ላይ ስለሆነ አየሩ ስስ ነው፣ እዚህ ወፍራም ነው። ሳንባህ ደስ ይለዋል፣ ሳይክልህ ግን እንደለመደው አይሰነጥቀውም። ስለዚህ የባሕር ዳሩን ፍጥነት ብታጣ አትደንግጥ፣ እሱን ለማግኘትም አትታገል። ሜዳ ላይ ደግሞ ሰው ይደራረባል። ብዙ ውድድር ላይ ከፊትህ ካለው 12 ሜትር መራቅ አለብህ፣ አለበለዚያ ቅጣት ነው።

ዘንዘልማ፦
ሳይክል እጠግናለሁ፣ ስማኝ። የኋላ ጎማህ የሚገባበት ክፍት ወደ ታች ነው የሚያየው አይደል? የዛሬዎቹ እንደዚያ ናቸው። እንደዚያ ከሆነ ጎማውን ወደ ኋላ ስበህ ካቴና መወጠር አትችልም፣ የሚወጥርልህ ቀያሪው ነበር። ካቴናው ወይ ይላላና ይወልቃል፣ ወይ በራሱ ወደ ትልቁ ጥርስ ይወጣና ይነክሳል። ከፊት ባለ 50 ጥርስ፣ ከኋላ ባለ 17 ጥርስ ላይ ብታስረው በደቂቃ 85 ጊዜ ስትረግጥ በሰዓት 31 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሰጥሃል፣ በሒሳብ ጥሩ ነው። ግን ሰፈር ለመዞር እንጂ ለ180 አይሆንም።
ቶርኖ ቤት ሂድ። ብየዳ እንዳታስነካት። ሁለቱን ቁራጮች አጋጥመህ ቅርጿን ካርቶን ላይ አውጣና ከወፍራም አሉሚኒየም ይቁረጥልህ። ብረት ይሻላል ቢልህ እሺ እንዳትል፣ እሷ የምትሰበረው ፍሬሙ እንዳይሰበር ነው። ዋናው ደግሞ ቀያሪው የሚታሰርባት ቀዳዳ ናት። ባለ 10 ሚሊ ሜትር ሆኖ የቡሎን ጥርሱ፣ ከጥርስ እስከ ጥርስ፣ 1 ሚሊ ነው። ተራው ባለ 10 ቡሎን 1.5 ስለሆነ በልማድ እሱን ያወጣልሃል፣ አጠገቡ ቁም። ቀያሪውንም ይዘህ ሂድና እዚያው አስገብተህ ሞክር።

ቀበሌ 14፦
ቶርነኛው ባጃጅ አድርጎ ይመልስልሃል።

አባይ ማዶ፦
ኦንላይን እዘዝ አልኩ እኮ፣ ወደ ሆቴልህ ይላኩልህ።

ከወዲያ ማዶ፦
አባይ ማዶ አሁን ቁም ነገር አወራህ። ግን መያዣዋ እንደየፍሬሙ ስለምትለያይ የሁለቱንም ጎን ፎቶ አንሥተህ ለሚሸጠው ላክ። ቁራጯንም እንዳትጥላት፣ ኪስህ ውስጥ ይዘሃት ና።

ሎሚ፦
ዋናውን ጣና ላይ ነው የምትለማመደው? ቢልሃርዚያ ተመርመር። ጉማሬ አላሳደደህም?

ቀበሌ 14፦
ጉማሬ ያሳደደውን ዋናተኛ ማን ይቀድመዋል።

የሽምብጡ ልጅ፦
ቶርኖ ቤት ነኝ። ሰውየው ቁራጯን ገልበጥ ገልበጥ አድርጎ አየና «ይቺ ናት አውሮፓ የምታስኬድህ?» አለኝ። 1.5 ሳይሆን 1 ስለው መጀመሪያ ሳቀ፣ ከዚያ ቀያሪው ላይ ያለውን ቡሎን በሜትር ለካና ዝም አለ። አሁን መሳቢያውን እያመሰ ነው። መብራት ጠፋ ደግሞ። ሲመጣ እነግራችኋለሁ።

የድሮ ጋላቢ፦
በየ15 ደቂቃው መነሣቱን እንዳትረሳ ልጄ።

አባይ ማዶ፦
ሐሙስ አለፈ። በረርክ?

ዘንዘልማ፦
ጥርሱ ገባ ወይስ አልገባም? እሱን ብቻ ንገረኝ።